የጃፓን የድሮ ዘፈኖች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የዘፋኞቹን ስም በላቲን ፊደል ብትጽፉት ዩቲዩብ አብዛኛውን ያወጣላችኋል።

"የድሮ ዘፈን" ሲባል የትኛው ዘመን ነው?

ጃፓኖች ዘመናቸውን በንጉሠ ነገሥት ይቆጥራሉ። የሂሮሂቶ ዘመን ሾዋ ይባላል። ከ1926 መጨረሻ እስከ ጥር 1989 ድረስ ነው፤ ከ62 ዓመት በላይ። በዚያ ዘመን የወጣው ተወዳጅ ዘፈን በጅምላ "ሾዋ ካዮ" ይባላል። ግን ዛሬ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ውስጥ ያለ ጃፓናዊ "የኔ ጊዜ ዘፈን" ሲላችሁ ብዙውን ጊዜ ከ1970 እስከ 1989 ያለውን ማለቱ ነው።

ትዝታ ደግሞ ከሰው ጋር ይሸጋገራል። በ1970ዎቹ "የድሮ ዜማ" ተብለው በቴሌቪዥን ይቀርቡ የነበሩት ከጦርነቱ በፊትና ወዲያው በኋላ የወጡ ዘፈኖች ነበሩ። ዛሬ አርባ አምስት ዓመት የሞላውን ሰው ብትጠይቁት ሾዋን አልፎ 1990ዎቹን ነው የሚያወራችሁ፤ በስምንት ሴንቲ ሜትር ትንሽ ሲዲ ይሸጥ የነበረውን ነጠላ ዜማ፣ ወይም በ1999 የወጣውንና ጃፓን ውስጥ ከሰባት ሚሊዮን በላይ የተሸጠውን የሂካሩ ኡታዳን የመጀመሪያ አልበም። እዚህ ገጽ ላይ ግን በብዛት የማወራው ስለ ሾዋው ነው፤ ጥያቄውም የሚበዛው እዚያ ላይ ነው።

ይሄ ኤንካ የሚባለው አይደል እንዴ?

ኤንካ አንዱ ክፍል ነው እንጂ ሁሉም አይደለም። ኤንካ ማለት ኪሞኖ የለበሰች ዘፋኝ፣ ዝግ ያለ ዜማ፣ ድምፅን ጉሮሮ ላይ ማርገብገብ፣ ወደብ፣ በረዶ፣ ሳኬ፣ ጥሎ የሄደ ፍቅረኛ። ከሱ ውጭ ያለው ሰፊ ሜዳ "ካዮኪዮኩ" ይባላል። እዚያ ውስጥ ጃዙም፣ ሮኩም፣ ማምቦውም፣ ዲስኮውም ተደባልቋል። ከሱ ጎን ደግሞ ጊታር ይዘው የራሳቸውን ግጥም የሚዘፍኑ የፎክ ልጆች ነበሩ።

ድንበሩ ግን ልል ነው። ሂባሪ ሚሶራን ውሰዱ። በ1937 ዮኮሃማ ተወልዳ ከጦርነቱ በኋላ በልጅነቷ ነው ኮከብ የሆነችው። ሰው የኤንካ ንግሥት ይላታል፣ ግን ጃዝ ስትዘፍን ብትሰሟት ትደነግጣላችሁ። በሕይወት እያለች የወጣው የመጨረሻ ነጠላ ዜማዋ ሕይወትን ከወንዝ አካሄድ ጋር የሚያነጻጽር ነው። የወጣው ጥር 11 ቀን 1989 ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ባረፉ በአራተኛው ቀን። እሷም በዚያው ዓመት ሰኔ ውስጥ በ52 ዓመቷ አረፈች። ዘመኑና ዘፋኟ ተከታትለው ሄዱ፤ ለዚያ ነው ያ ዘፈን ሲጀምር ትልልቆቹ ሰዎች ብርጭቋቸውን የሚያስቀምጡት። ግጥሙን የጻፈው ያሱሺ አኪሞቶ ኋላ ኤኬቢ 48 የሚባለውን በአሥር የሚቆጠሩ ልጃገረዶች ያሉበትን ቡድን ያቋቋመው ሰውዬ ነው። ማን ያምናል?

ከየት ልጀምር?

ከኪዩ ሳካሞቶ "ኡኤ ኦ ሙይቴ አሩኮ" ጀምሩ። በ1961 የወጣ ነው። እንባው እንዳይወርድ ወደ ላይ አንጋጦ ስለሚሄድ ሰው ነው የሚያወራው፤ መሀል ላይ ፉጨት አለው። ዜማው ደስ የሚል ነው፣ ቃሉ ደግሞ ያሳዝናል። የዚህ ዓለም ዘፈኖች ጠባይ እዚያ ሦስት ደቂቃ ውስጥ ተጠቃሏል። ሳካሞቶ ነሐሴ 12 ቀን 1985 በተከሰከሰው የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ነበር። 520 ሰው ሞተ፣ የተረፉት አራት ብቻ ናቸው። እሱ 43 ዓመቱ ነበር።

ቀጥሎ በ1973 የወጣውን፣ ካጉያሂሜ የሚባለውን የፎክ ቡድን "ካንዳጋዋ" ስሙ። ካንዳ ቶኪዮን አቋርጦ የሚያልፍ ወንዝ ነው። ሁለት ድሃ ፍቅረኞች ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ ቤቱ መታጠቢያ ስለሌለው ማታ ማታ ወደ ሰፈሩ የሕዝብ መታጠቢያ ይሄዳሉ። አብረን እንውጣ ተባብለው ሳለ ሁሌ ደጅ ቆማ የምትጠብቀው እሷ ናት። ፀጉሯ እርጥብ ነው፣ ብርድ ነው፣ ትንሿ ሳሙና ማስቀመጫዋ ውስጥ ትንኳኳለች። አለቀ። ከሳሙናዋ ድምፅ በላይ ድህነትንና ፍቅርን ባንድ ላይ የሚያሳይ ነገር ከየትም አይመጣም።

ሦስተኛው የሳዩሪ ኢሺካዋ "ትሱጋሩ ካይኪዮ ፉዩጌሺኪ" ይሁን፣ 1977። ከቶኪዮ ኡኤኖ ጣቢያ በሌሊት ባቡር የተነሳች ሴት አኦሞሪ ላይ ትወርዳለች። በረዶ ነው። ሰዉ ዝም ብሎ ወደ መርከቡ ያመራል። እሷም ፍቅሯን ትታ ብቻዋን ባሕሩን ልትሻገር ነው። ልብ በሉ፣ ያ መርከብ ዛሬ የለም። በመጋቢት 1988 ወደ 54 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባቡር ዋሻ ከባሕሩ ሥር ተከፈተና ሥራው ቆመ። ባሕሩ ዳር ባለው በታፒ ጫፍ ላይ ግን የዘፈኑ ሐውልት አለ፤ ቁልፉን ስትጫኑት ዘፈኑ በነፋሱ መሀል ይለቃል።

አሜሪካኖች የሳካሞቶን ዘፈን ለምን "ሱኪያኪ" አሉት?

ስሙ ለፈረንጅ አፍ ስለከበደ፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ሱኪያኪ በድስት የሚበስል የሥጋ ምግብ ነው፤ ከዘፈኑ ጋር ምንም አያገናኘውም። በዚያ ስም በሰኔ 1963 የአሜሪካ ቢልቦርድ ሠንጠረዥ ላይ ወጥቶ ሦስት ሳምንት አንደኛ ሆነ፤ ያውም በጃፓንኛ።

ለምንድነው የኛን ትዝታ የሚመስለው? ወይስ ለኔ ብቻ ነው?

ለእናንተ ብቻ አይደለም፣ የድምፁ መሰላል አንድ ስለሆነ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጃፓን የአውሮፓን ሙዚቃ ትምህርት ቤት ስታስገባ ከሰባቱ ድምፆች አራተኛውንና ሰባተኛውን የተወ ባለ አምስት ድምፅ ስልት ተለመደ። "ዮናኑኪ" ይባላል። ሜጀሩን ፒያኖ ላይ ብትመቱት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ይሄ ደግሞ የኛ ትዝታ ሜጀር ነው። ማይነሩም ሦስተኛውና ስድስተኛው ድምፅ ግማሽ ወርደው ልክ እንደ ትዝታ ማይነር ይሆናል። ብዙ የኤንካ ዜማ የተሠራው በዚህ በማይነሩ ነው።

ክራር የሚጫወት ወዳጅ ካላችሁ ሞክሩት። በትዝታ ቃኝቶ የሳካሞቶን ዋና ዜማ ያለ ችግር ይመታዋል። ድምፅ ማርገብገቡ ሲጨመርበት ደግሞ ጆሯችን እንግዳ ነገር የሰማ አይመስለውም። ማንም ከማንም አልቀዳም። አምስት ድምፅ ይዞ ናፍቆትን ለመናገር የተነሳ ሰው፣ ጎንደርም ይሁን አኦሞሪ፣ የሚሄድበት መንገድ ብዙ አይደለም።

ጥንቃቄ ግን፦ ሁሉም እንዲህ አይደለም። የ1980ዎቹ ፖፕ በሰባቱም ድምፅ ይጫወታል፣ ኮርዱም ውስብስብ ነው። እዚያ ትዝታን ብትፈልጉ አታገኙትም።

ዘፋኞቹ ራሳቸው አይጽፉም እንዴ? የሰው ግጥም የዘፈነ እንዴት ኮከብ ይባላል?

በካዮኪዮኩ ዓለም ሥራው የተከፋፈለ ነበር። ገጣሚ አለ፣ ዜማ ደራሲ አለ፣ አቀናባሪ አለ፣ ዘፋኝ አለ። እዚህም ቢሆን ይሄ ብርቅ አይደለም፤ ትልልቅ ድምፃውያኖቻችን ስንት የሰው ግጥምና ዜማ ተጫውተዋል። እንደኔ የዘፈኖቹ ጥራት ምስጢር ይሄው ክፍፍል ነው። ለአንድ ሦስት ደቂቃ ዘፈን አራት የተካኑ ሰዎች ይጨነቁበታል።

ዩ አኩ የሚባለውን ገጣሚ ተመልከቱ። ከ5000 በላይ ግጥም ጽፏል። ቅድም ያልኳችሁን የበረዶና የመርከብ ዘፈን የጻፈው እሱ ነው። በዚያው 1977 ደግሞ ለፒንክ ሌዲ፣ በአጭር ቀሚስ እየጨፈሩ ለሚዘፍኑት ሁለት ልጆች፣ ከሌላ ዓለም ስለመጣ ፍቅረኛ የሚያወራውን "ዩፎ" ጻፈ። አንድ እጅ ነው! ታካሺ ማትሱሞቶ ደግሞ የሮክ ባንድ ከበሮ መቺ ነበር፤ ኋላ የሴይኮ ማትሱዳ ዋና ገጣሚ ሆነ። በ1982 የወጣውን "አካይ ስዊት ፒ" እሱ ግጥሙን ሲጽፍ ዜማውን የሠራችው በብዕር ስም የተደበቀችው ዩሚ ማትሱቶያ ናት፤ ራሷ ትልቅ ዘፋኝ ሆና ለሌላ ሰው ዜማ ትሰጥ ነበር።

ከዜማ ደራሲዎቹ ኪዮሄይ ትሱትሱሚን የሚያህል የለም። ስሙን የማያውቅ ጃፓናዊ እንኳ ዜማውን ያውቃል። አደባባይ መውጣት የማይወድ ሰው ነበር። በ1968 ለአዩሚ ኢሺዳ የሠራው "ብሉ ላይት ዮኮሃማ" ዛሬም በዮኮሃማ የኬይኪዩ ባቡር ጣቢያ ባቡር ሲመጣ የሚሰማው ዜማ ነው። ሥራ ረፍዶበት የሚሮጠው ሁሉ ሳያስበው ያዜመዋል።

ሁሉም ሰው እነዚህን ዘፈኖች በቃሉ የሚያውቀው እንዴት ነው?

ቤት ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን ነበረ፣ በቃ። አያት፣ አባት፣ ልጅ አብረው ያያሉ። ልጁ ኤንካ አልወድም ቢል የት ይሄዳል? አያትየዋም የፒንክ ሌዲን ጭፈራ ሳትወድ በግድ ታውቀዋለች። በየዓመቱ በታኅሣሥ 31 ምሽት ኤንኤችኬ የሚያቀርበው የሴቶችና የወንዶች የዘፈን ውድድር በ1963 81.4 በመቶ ተመልካች አግኝቷል። ኤንኤችኬ የሕዝብ ጣቢያ ስለሆነ የንግድ ስም አይወድም። በሞሞኤ ያማጉቺ ዘፈን ውስጥ "ቀይ ፖርሽ" የሚለው እዚያ ሲደርስ "ቀይ መኪና" ተብሎ ይዘፈን ነበር። አሁንም ሰው እየሳቀ የሚያወራው ነገር ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ከ1978 እስከ 1989 ሐሙስ ማታ በቲቢኤስ የሚተላለፈው "ዘ ቤስት ቴን" ነበር። የሳምንቱን አሥር ዘፈኖች በቀጥታ ያስዘፍናል። ዘፋኙ ስቱዲዮ መምጣት ካልቻለ ካሜራው ያለበት ድረስ ይሄዳል፤ የባቡር ጣቢያም ቢሆን። በ1980 ክረምት ሴይኮ ማትሱዳ ገና ጀማሪ ሳለች ሃኔዳ አየር ማረፊያ ከአውሮፕላን ወርዳ እዚያው አስፋልቱ ላይ ዘፈነች። ያንን ያየ ልጅ ዛሬ ጡረታ ሊወጣ ነው፣ ግን ይተርክላችኋል። ከአቅራቢዎቹ አንዷ ቴትሱኮ ኩሮያናጊ ነበሩ። እኚህ ሴት ኋላ የዩኒሴፍ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆነው በ1992 ኢትዮጵያም መጥተዋል።

የጃፓን ባልደረቦቼ ካራኦኬ ጋብዘውኛል። ምን ልዝፈን?

የሳካሞቶን። ያለ ጥርጥር። ዝግ ያለ ነው፣ ከፍታው አያስጨንቅም፣ ፉጨቱ ላይ ቃል ቢጠፋችሁ ማንም አያውቅም፣ ዜማውም እንዳልኩት የኛ ሰፈር ልጅ ነው። ብዙ ማሽኖች ላይ ለታወቁ ዘፈኖች ንባቡን በላቲን ፊደል ማሳየት ይቻላል፤ መምረጫዋን ታብሌት የያዘውን ሰው ጠይቁ። ሁለተኛ ከፈለጋችሁ የሂባሪን የወንዙን ዘፈን፤ እሱ ግን ትንፋሽ ይፈልጋል።

ጥቂት ወግ አለው። እያንዳንዱ ሰው "የኔ" የሚለው የታወቀ ዘፈን አለው። የአለቃችሁን ዘፈን ከሱ ቀድማችሁ አትንጠቁ፤ በተለይ በደንብ የምትዘፍኑ ከሆነ። ሰው ሲዘፍን ስልክ ላይ አታፍጥጡ፣ አጨብጭቡ። ሁለት ዘፈን በተከታታይ አትያዙ። ድምፄ አያምርም የሚለው ሰበብ ደግሞ አይሠራም፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ድምፃቸው አያምርም።

ካራኦኬ እኮ የነዚህ ዘፈኖች ሁለተኛ ሕይወት ነው። በ1971 ኮቤ ከተማ ውስጥ በየመጠጥ ቤቱ እየዞረ ኪቦርድ የሚጫወት ዳይሱኬ ኢኖኡዌ የሚባል ሰው ሳንቲም ሲገባበት አጃቢ ሙዚቃ የሚያጫውት ማሽን ሠርቶ ለመጠጥ ቤቶች አከራየ። ቀደም ብሎም በ1967 ቶኪዮ ውስጥ ሺጌይቺ ኔጊሺ ተመሳሳይ ነገር ሠርቶ ነበር። ኢኖኡዌ የፈጠራ መብቱን አላስመዘገበም፤ ከዓለም ሀብታሞች አንዱ መሆን ሲችል የቀረለት በ2004 የተሰጠው የቀልድ ኖቤል ነው፤ ሰዎች እርስ በርስ እንዲቻቻሉ አዲስ መንገድ ስለፈጠረ ተብሎ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ኦካያማ ላይ አሮጌ የዕቃ ኮንቴይነር ወደ መዝፈኛ ክፍል ተቀየረ፤ ዛሬ የምታውቁት የግል ክፍል ካራኦኬ የመጣው ከዚያ ነው። ሰዉ ዘፈኑን በጆሮው ብቻ ሰምቶ ቢሆን ይረሳው ነበር። በአፉ ስለያዘው ነው ያልለቀቀው።

ሞሞኤ ያማጉቺ ለምን ተወችው? ተመልሳስ ዘፍናለች?

አግብታ ነው፣ አልተመለሰችም። በ1973 በ14 ዓመቷ ጀመረች። ጥቅምት 5 ቀን 1980 በቶኪዮው ቡዶካን የመጨረሻውን ዘፈኗን ዘፍና ነጩን ማይክ መድረኩ ወለል ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ ሄደች። 21 ዓመቷ ነበር። በፊልም አብሯት ይሠራ የነበረውን ተዋናይ ቶሞካዙ ሚኡራን አገባች። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን መድረክ ላይ አልታየችም።

ለመካከለኛ ዕድሜ ጃፓኖች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሌሎቹን ኮከቦች ሲሸመግሉ አይተዋቸዋል። እሷን ግን አላዩም። ዘፈኗን መስማት ለጀመረ ሰው በ1977 የወጣውን "አኪዛኩራ" እመክራለሁ፤ የማሳሺ ሳዳ ሥራ ነው። ነገ የምትዳር ልጅ እናቷን ታያለች። ጸሐይ አለ፣ አበባ አለ። እናት ደጅ ላይ አንድ ጊዜ ትስላለች። ከዚያ የፎቶ አልበሙን ከፍታ ያንኑ የልጅነት ታሪክ ደጋግማ ታወራለች፣ ለራሷ የምታወራ ይመስል። ይሄን ዘፈን የ18 ዓመት ልጅ ናት የዘፈነችው። እናት ያለው ሰው ብቻውን ሆኖ ይስማው።

ሲቲ ፖፕ የሚባለውስ? እኔ ቲክቶክ ላይ የሰማሁት እሱን ነው።

ብዙዎቻችሁ በሱ በር ነው የገባችሁት፣ ችግር የለውም። ሲቲ ፖፕ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመጣ፣ የአሜሪካን ሶልና ፈንክ የጃፓን ከተማ ያለበሰ ሙዚቃ ነው። የመኪና ካሴት፣ ባሕር ዳርቻ፣ የማታ መብራት፣ በ1979 የወጣው ዎክማን። ታትሱሮ ያማሺታ፣ ባለቤቱ ማሪያ ታኬኡቺ፣ አንሪ፣ ኤይቺ ኦታኪ ስማቸው ይነሳል።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዓለም "የጃፓን የድሮ ዘፈን" ብሎ የያዘውና ጃፓናዊው የስድሳ ዓመት ሰው የሚያለቅስበት አንድ አይደለም። የታኬኡቺ "ፕላስቲክ ላቭ" በ1984 አልበም ላይ ሲወጣ ትልቅ ሂት አልነበረም። በ2017 አንድ ሰው ዩቲዩብ ላይ ጫነው፣ አልጎሪዝሙ ለማንም ለማንም ሲያቀብል ዓለም አበደበት። ሰፈሩ ያለውን ሽማግሌ ጃፓናዊ ብትጠይቁት ምናልባት ሌላ የታኬኡቺ ዘፈን ነው የሚነግራችሁ። ፈረንጅ ያነሳው ሁሉ የባለቤቱ ምርጫ አይደለም፤ ይሄን እኛም በራሳችን የድሮ ሸክላዎች እናውቀዋለን።

የሚኪ ማትሱባራ "ማዮናካ ኖ ዶር" ግን ለየት ይላል። የ1979 ዘፈን ነው። በ2020 መጨረሻ ላይ በቲክቶክ ሲፈነዳ እናታቸው ጃፓናዊ የሆነች ወጣቶች ዘፈኑን ድንገት ቤት ውስጥ ከፍተው የእናታቸውን ፊት መቅረጽ ጀመሩ። እናቶቹ ሥራቸውን ትተው መዝፈን ይጀምራሉ፤ ቃል አይስቱም። ማትሱባራ ይሄን አላየችም፤ በ2004 በ44 ዓመቷ አርፋለች።

ከፈረንጅ የተቀዱ አይደሉም?

አንዳንዶቹ በግልጽ፣ ተፈቅዶ። በ1979 ሂዴኪ ሳይጆ የዘፈነው "ያንግ ማን" የአሜሪካኖቹ "ዋይኤምሲኤ" ነው፤ ቃሉ ተቀይሮ ወጣቶችን የሚያበረታ ሆነ። በ1985 ዮኮ ኦጊኖሜ የዘፈነችው "ዳንሲንግ ሂሮ" ደግሞ የእንግሊዝ ዲስኮ ነበር።

በተቃራኒው የሄደው ግን ይበልጣል። የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ የሆንግ ኮንግ ተወዳጅ ዘፈኖች ብዙዎቹ የጃፓን ዜማ ላይ የካንቶን ግጥም የተጫነባቸው ናቸው። ሬይ ቻርልስ የሳዘርን ኦል ስታርስን የ1979 የፍቅር ዘፈን በ1989 በእንግሊዝኛ ዘፍኖታል። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ካናዳ የተወለደው ዘ ዊክንድ ደግሞ በ2022 "አውት ኦፍ ታይም" የሚለውን ሲሠራ የቶሞኮ አራንን የ1983 ዘፈን ነው ከሥሩ ያስገባው። ዘፈኑን ከፍታችሁ መግቢያውን ስሙ፣ ከዚያ ኦሪጂናሉን። ለሐበሻ ጆሮ የሚሆን መግቢያ ከዚህ የተሻለ የለም።

ስፖቲፋይ ላይ ፈልጌ የማጣው ለምንድነው?

አንዳንዱ ለኛ አገር ስላልተፈቀደ ነው። አንዳንዱ ስሙ በጃፓን ፊደል ብቻ ስለተመዘገበ ነው፤ የዘፋኙን ስም ከዊኪፔዲያ በጃፓንኛ ገልብጣችሁ ለጥፉት። አንዳንዱን ደግሞ ባለቤቱ አልሰጥም ብሏል። ያማሺታ በ2022 ሥራዎቹን ለስትሪሚንግ ምናልባት እስኪሞት እንደማይሰጥ በአደባባይ ተናግሯል። የሱ "ክሪስማስ ኢቭ" በ1983 ወጥቶ ከ1988 ጀምሮ በባቡር ማስታወቂያ ምክንያት የገና ዘፈን ሆነ፤ በየታኅሣሡ ተመልሶ ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል። ያለ ስትሪሚንግ የሚኖር ሰው አለ ማለት ነው።

ቶኪዮ የሚሄድ ዘመድ ካላችሁ ሲዲ ወይም ሸክላ አስመጡ። ያገለገለ ሸክላ የሚሸጡ ቤቶች ሺቡያና ሺሞኪታዛዋ ውስጥ ሞልተዋል። ሲቲ ፖፑ ተወዷል። የኤንካና የ1970ዎቹ ፖፕ ሸክላ ግን ብዙ ጊዜ በር ላይ በካርቶን ተደርድሮ በርካሽ ይሸጣል። ሰው የማይፈልገው ካርቶን ውስጥ ነው ወርቁ ያለው።

የዛሬ ወጣቶች ይሰሙታል ወይስ የሽማግሌ ነገር ሆኗል?

ይሰሙታል። በ2017 ኦሳካ ያለ የቶሚኦካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዳንስ ክበብ በ1980ዎቹ ሙድ ለብሶ፣ ትከሻው የተጋነነ ኮትና ቀይ ሊፒስቲክ አድርጎ "ዳንሲንግ ሂሮ" ላይ ጨፈረ። ቪዲዮው አገሩን አዳረሰ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነው ዘፈን ተመልሶ ሠንጠረዥ ውስጥ ገባ። ልጆቹ ሲጨፍሩ የሚስቁ ይመስላል፤ ግን ደረጃው ለፌዝ የተሠራ አይደለም። ተለማምደዋል።

ስለ ጆኒስ የወጣውን ጉድ ካወቅሁ በኋላ የዚያ ድርጅት የድሮ ዘፈኖችን መስማት ይከብደኛል። ሰዉ ምን ይላል?

ለማያውቅ፦ ጆኒስ ለአሥርት ዓመታት የወንድ ኮከቦችን ሲያመርት የኖረ ድርጅት ነው። መሥራቹ ጆኒ ኪታጋዋ በ2019 ሞተ። በልጆቹ ላይ ያደርስ የነበረው ወሲባዊ ጥቃት በመጽሔት ተጽፎ ነበር፤ በስም ማጥፋት ክርክሩም ፍርድ ቤት የጥቃቱን ክስ እውነት ብሎ ተቀብሎ በ2004 ጸንቷል። ግን ትልልቆቹ ቴሌቪዥኖች ዝም አሉ። በመጋቢት 2023 የቢቢሲ ዘገባ ከወጣ በኋላ ነው ድርጅቱ በመስከረም አምኖ ይቅርታ የጠየቀው፣ ከዚያም ስሙን የቀየረው።

ሰዉ ተከፋፍሏል። የተጎዱት ልጆች ራሳቸው ዘፋኞቹ ስለሆኑ ዘፈኑን መቅበር ተጎጂውን ዳግም መቅበር ነው የሚል አለ። ያ ድምፅ ሲመጣ ቴሌቪዥኑን የሚያጠፋም አለ። የኔ አቋም ከመጀመሪያው ጋር ነው። ዘፈኑን እሰማለሁ። ግን ስለዚያ ዘመን ሲወራ "ያኔ ሁሉም ንጹሕ ነበር" የሚለውን ወሬ አልቀበልም። ያ ሁሉ ቤተሰብ ሐሙስ ማታ አብሮ ያየው መድረክ ላይ የነበሩት ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ፣ ሴቶቹም ወንዶቹም፤ የተዋዋሉትን፣ የለበሱትን፣ የዘፈኑትን ግጥም የወሰነላቸው ትልቅ ሰው ነበር።